ተራራው ለማን ይመሰክራል? «እግረኛው ይስተካከል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«እግረኛው ይስተካከል» በሚል ርእስ የደሴንና የኮምቦልቻን የመንገድ አደጋ የሚመለከት አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ቆይቶ ለእኔም ደረሰኝ። ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ በሁለቱ ከተሞች ሰው በመኪና የሚገጨው አካሄዱን ስለማያውቅ ነውና መፍትሔው ትምህርትና ቅጣት ነው። ደሴ የዳገት ከተማ ስለሆነች ስለ ብስክሌትና ስለ እግረኛ መንገድ ማውራት የሜዳ ከተሞችን ወሬ መቅዳት ነው። ዋናው ጎዳና አገር አቋራጭ መንገድ ስለሆነ ፍጥነቱን መቀነስ ንግዱን ማነቅ ነው። ሰው መሻገር ካለበት የብረት ድልድይ ይሠራለት። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ የሀብታም አገር ቅንጦት ስለሆነ የሚሻለው ጉሊቱን አንሥቶ አስፋልቱን ማስፋት ነው። ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ መሆኑን አልጠራጠርም፤ የሰው ሞት ያሳሰበው ሰው እንደ ጻፈው ያስታውቃል። ነገር ግን ነጥቦቹን አንድ በአንድ ስመለከታቸው ሕመሙ በአንዱ አካል ላይ ሳለ መድኃኒቱ ለሌላው የታዘዘ መስሎ ስለታየኝ ይህን ምላሽ ለመጻፍ ተነሣሁ።

ለነገሩ ባዕድ አይደለሁም። ለብዙ ዓመታት በአይሱዙ ጭነት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ ከደሴም ወደ ወልድያ ስመላለስ ኖሬያለሁ፤ ዶሮ መዝለያ የተባለውን ቁልቁለት በበጋም በክረምትም፣ በባዶም በሙሉ ጭነትም ወርጄዋለሁ። መሪውን ከለቀቅሁ ወዲህ ደግሞ እንደ አብዛኛው የከተማችን ሰው እግረኛ ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ከሁለቱም ወገን አይቼ ነው፤ በሹፌርነቴ ዘመን የጻፍሁት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ከጸሐፊው ጋር ብዙ አልለያይም ነበር።

የመጀመሪያው ነጥብ የእግረኛው ጥፋተኛነት ነው። ጸሐፊው «ሕዝቡ የእግረኛ መንገድ እያለለት አስፋልት ላይ ይሄዳል» ይላሉ። መሄዱ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ጸሐፊው ያልጠየቁት ለምን እንደሚሄድ ነው። በከተማው ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ይጓዙና እግረኛ መንገድ የተባለውን ሳይለቁ ለመዝለቅ ይሞክሩ። መጀመሪያ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ቱቦ ያገኛሉ፤ ቀጥሎ ለግንባታ የተራገፈ አሸዋና ጠጠር፣ ቀጥሎ ከሱቅ በረንዳ እስከ ጠርዙ የተዘረጋ ሸቀጥ፣ ቀጥሎ ግማሽ ጎማውን ጠርዙ ላይ ሰቅሎ የቆመ ባጃጅ፣ ቀጥሎ በመካከል የተተከለ የመብራት ምሰሶ። በእያንዳንዱ መሰናክል ዘንድ እግረኛው ሁለት ምርጫ አለው፦ ወደ ኋላ መመለስ ወይም ወደ አስፋልቱ መውረድ። አምስት ጊዜ ወርዶ አምስት ጊዜ ከመውጣት አንድ ጊዜ ወርዶ በዚያው መቀጠል ለማንም ሰው የሚቀል ስለሆነ ሰው በዚያው ይቀጥላል። ይህን ድፍረት ብለን ልንጠራው አንችልም፤ እግረኛው ወደ አስፋልቱ የወረደው ተገፍቶ ነው።

ትምህርት ይሰጥ መባሉን አልቃወምም። ነገር ግን ትምህርት የማይደርስበት ወሰን አለ። የሰባት ዓመት ሕፃን የሚመጣውን መኪና ፍጥነት አስልቶ መሻገር አይችልም፤ ቢመከርም አይችልም፤ ዕድሜው አልፈቀደለትም። ጀርባዋ ላይ ጭነት ያለባት እናት አንገቷን እንደልብ አታዞርም። ሹፌሩም ቢሆን ይደክመዋል፣ ሐሳብ ይይዘዋል። የስዊድን ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1997 ያጸደቀውና ብዙ አገሮች የተከተሉት አሠራር መነሻው ይኸው ነው፤ ሰው መሳሳቱ አይቀርምና የስሕተቱ ዋጋ ሞት እንዳይሆን መንገዱ አስቀድሞ ይዘጋጅ የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞትና ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ልጆችና ወጣቶች በመግደል የሚቀድመው ይኸው አደጋ መሆኑን ገልጿል። ይህን ሁሉ በሕፃናት ግዴለሽነት ልናብራራው አንችልም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስመጣ በአንዱ ጉዳይ ለጸሐፊው እጄን እሰጣለሁ። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተጨምቃ በተሠራች ከተማ ውስጥ ብስክሌት ለብዙ ሰው የዕለት መጓጓዣ አይሆንም። ከሆጤ ወይም ከሳላይሽ በኩል ዳገቱን በብስክሌት ውጣ ብሎ ለአንድ ሽማግሌ መንገር ቀልድ ነው። ስለዚህ በደሴ ዳገቶች ሁሉ ላይ የብስክሌት መስመር ይሠመር የሚል ሰው ካለ አብሬው አልቆምም። ጸሐፊው ግን ከዚህ ትክክለኛ ነገር ተነሥተው አንድ ትልቅ ዝላይ ይዘልላሉ፤ «ስለዚህ የእግረኛም ነገር የሜዳ ከተሞች ጉዳይ ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ተራራው የሚመሰክረው በተቃራኒው ነው እላለሁ።

ብስክሌት የማይመችበት፣ የግል መኪና ያለው ሰው ጥቂት የሆነበት ከተማ ከምንም በላይ የእግር ከተማ ነው። ባጃጅም ሚኒባስም የሚይዘን ዋናው ጎዳና ላይ ስለሆነ ከዚያ ወደ ቤታችን የሚያደርሰን እግራችን ነው፤ ይህም ማለት ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ይዞ ደርሶ የሚመለስ ሰው ሁሉ በቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ዋናውን ጎዳና ያቋርጣል ማለት ነው። ከተማዋ በርዝመቷ አንድ አከርካሪ፣ ከግራና ከቀኙ የጎድን አጥንት የመሰሉ መውጫና መውረጃዎች ያሏት በመሆኗ ሌላ አማራጭ የለም።

ከዚህ የሚብሰው የፍሬን ነገር ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ብዘገይ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት ጉዳይ ስለሆነ ነው። አንድ ሹፌር አደጋ ካየ በኋላ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች አንድ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። በእርጥብና ሜዳማ አስፋልት ላይ ቆሞ እስኪያበቃ በጠቅላላው 33 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ያው መኪና በየመቶ ሜትሩ ስምንት ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ሲሆን ርቀቱ ወደ 37 ሜትር ይደርሳል። በ30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ኖሮ በዚያው ቁልቁለት በ17 ሜትር ውስጥ ይቆም ነበር። ልዩነቱ 20 ሜትር ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በ30 የሚሄደው መኪና ቀጥ ባለበት በዚያው ቦታ ላይ በ50 የሚመጣው መኪና ገና በ47 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ነው። በአንደኛው ፊት የቆመው ሰው ይደነግጣል፤ በሁለተኛው ፊት የቆመው ሰው ይሞታል ወይም አካሉ ይጎድላል። ይህ ስሌት ለቀላል መኪና ነው። ጭነት ይዞ ከሐረጎ ተራራ በኩል የሚወርደው ከባድ መኪና ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ ካልያዘው፣ ይባስ ብሎም ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ ከለቀቀው፣ ፍሬኑ ግሎ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ የክረምት ማለዳ የደሴ ጉም መንገዱን በሸፈነበት ሰዓት ቁልቁል እየወረድሁ ሳለ ደብተር የያዘች አንዲት ልጅ በጠርዙ ላይ የተራገፈ የአሸዋ ክምር ለመዞር ስትል ከፊቴ ዱብ አለች። ቆምሁ። እርሷም እንዳላየችኝ ሁሉ ክምሩን ዞራ ጉዞዋን ቀጠለች። ለረጅም ጊዜ ይህን በጥንቃቄዬ ያተረፍኋት ነፍስ አድርጌ አወራው ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ከፊቴ እንጨት የጫኑ አህዮች መንገዱን ዘግተውብኝ ስለነበር እየተነጫነጭሁ በቀስታ እየሄድሁ ነበር። ልጅቷን ያተረፏት አህዮቹ ናቸው።

ስለ ኮምቦልቻ ደግሞ የጸሐፊው የዳገት ክርክር ጨርሶ አይሠራም። ኮምቦልቻ ከደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ የተዘረጋችውም በቦርከና ሜዳ ላይ ነው። በዚያ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አሉባት። ፈረቃ ሲለወጥ የሚወጣው ሠራተኛ አብዛኛው ወጣት ነው፤ ከደመወዙ ላይ በየቀኑ ለባጃጅ የሚከፍለው ቀላል አይደለም። ለብስክሌት ከዚህ የተሻለ ምን ዓይነት ከተማ ይፈለጋል? ሠራተኛው ብስክሌት የማይገዛው ስለማይፈልግ ነው ከተባለ፣ ከደረቅ ወደቡ በሚወጣ ተሳቢ መኪና ጎን በምሽት ያለ መብራትና ያለ መስመር ብስክሌት ለመንዳት ማን ይደፍራል ብዬ እጠይቃለሁ። ባሕር ዳርና ሐዋሳ በብስክሌት የታወቁት ሕዝባቸው ከእኛ የተለየ ስለሆነ አይደለም። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ሞተር አልባ ትራንስፖርትን፣ ማለትም የእግርና የብስክሌት ጉዞን፣ የሚመለከተው የአሥር ዓመት ስትራቴጂም የተዘጋጀው ለአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ለአገሪቱ ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩን «የተቀዳ ወሬ» ማለት አይገባም።

ሦስተኛው ነጥብ የንግዱ ነው፤ እዚህ ላይ እንኳ ብዙ መድከም አያሻኝም። የከተማው ክፍል አምስት ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ በ50 ፍጥነት ለማለፍ 6 ደቂቃ፣ በ30 ፍጥነት ለማለፍ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ የዋለ የጭነት መኪና በአራት ደቂቃ ምክንያት የሚከስር ከሆነ ነጋዴው ሌላ የሚያማክረው ሰው ያስፈልገዋል። ደግሞም ማንም ሹፌር እንደሚያውቀው በከተማ ውስጥ 50 መንዳት የሚቻለው ከአንዱ መቆሚያ እስከ ሌላው ድረስ ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ የሚገኘው ጥቅም ፈጥኖ ሄዶ ቀጣዩ ባጃጅ ኋላ መቆም ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ስሌት አማካይ ፍጥነት በአንድ በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረሱ ዕድል በአራት በመቶ ይጨምራል። አራቱን ደቂቃ የምንገዛው በዚህ ዋጋ ነው።

«ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ መኪና ይሰብራል» የሚለው ቅሬታቸው ግን ከፊሉ እውነት አለው። ያለ ምልክት፣ ያለ ቀለም፣ አንዳንዴም የሰፈር ሰው ተቆጥቶ በአፈርና በድንጋይ የሠራው ጉብታ መኪና ይሰብራል፤ በሽተኛ የያዘ አምቡላንስንም ያንገላታል። በጣም በሚወርድ ቁልቁለት ላይም ጉብታ መሥራት ትክክል አይደለም፤ ፍሬኑ የጋለበትን መኪና ሚዛን ያስታል። ነገር ግን የባለሙያ መልስ ጉብታ ብቻ አይደለም። ዜብራውን ራሱን ከአስፋልቱ ከፍ አድርጎ ሜዳ በሆነው ቦታ ላይ መሥራት፣ በመካከል እግረኛ ቆሞ የሚያርፍበት አካፋይ ማበጀት፣ በመገናኛዎች ላይ ማእዘኑን አጥብቦ የሚታጠፈው መኪና እንዲቀዘቅዝ ማድረግ፣ ወደ ከተማ መግቢያው ላይ ጎማ የሚያንቀጠቅጡ ተከታታይ መስመሮችን ማንጠፍ ይቻላል። በጋና ከአክራ ወደ ኩማሲ በሚወስደው አገር አቋራጭ መንገድ ላይ ሱሁም በምትባል መገናኛ ይህ የመጨረሻው ብቻ ተሠርቶ አደጋው በ35 በመቶ፣ ሞቱ በ55 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ያም መንገድ እንደ እኛው የንግድ መንገድ ነው። ፍጥነት መቀነሻ ስል በአጭሩ እነዚያን አህዮች አስፋልቱ ላይ በቋሚነት መትከል ማለቴ ነው።

የብረት ድልድዩን ነገር ጸሐፊው እንደ ትልቅ ስጦታ ነው ያቀረቡት። ድልድዩ ከሥሩ ተሳቢ መኪና ማሳለፍ ስላለበት ከአምስት ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ይህ ማለት ከ30 በላይ ደረጃ መውጣትና ያንኑ ያህል መውረድ ነው። ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ለዋለ የደሴ ሰው፣ ሰባት ሜትር ለመሻገር ስድሳ ደረጃ ጨምርበት ማለት ነው። በክራንች የሚሄደው፣ ጋሪ የሚገፋው፣ ሕፃን ያዘለችው፣ በሬሳ ሣጥን ሥር የሚሄደው ቀባሪ በየት ይለፍ? በአዲስ አበባ የቀለበት መንገድ ላይ ድልድይ እያለ ሰው ከሥሩ አጥር ዘሎ ሲሻገር ስንመለከት ኖረናል፤ ጸሐፊው ይህንም የግዴለሽነት ማስረጃ ያደርጉት ይሆናል፤ እኔ ግን የተሳሳተ ሥራ ማስረጃ ነው እላለሁ። ድልድይ መኪናውን ሳያስቸግር እግረኛውን ከመንገድ የሚያነሣ መሣሪያ ነው። በአንድ ሁኔታ ብቻ እስማማለሁ፤ የተራራው ወገብ ከአስፋልቱ በላይ በሆነበት ቦታ ላይ ድልድዩ ከሰፈር ወደ ሰፈር ያለ ደረጃ በቀጥታ ሊዘረጋ ከቻለ ተራራው ራሱ የሠራልን ድልድይ ነውና ይሠራ።

የገንዘብን ነገር በሦስት ዐረፍተ ነገር ልለፈው። የቱቦ ክዳን፣ የጠርዝ ድንጋይና ኮብልስቶን የውጭ ምንዛሪ አይጠይቁም፤ ድንጋዩ እዚሁ አለ፣ ድንጋይ የሚጠርቡትም የእኛው ልጆች ናቸው። በዳሬ ሰላም በትምህርት ቤቶች ዙሪያ የእግረኛ መንገድ፣ ፍጥነት መቀነሻና መሻገሪያ በመሥራት የልጆችን ጉዳት መቀነስ ተችሏል፤ ታንዛኒያም ሀብታም አገር አይደለችም። ከሁሉም በላይ መንገድ ለሌላ ሥራ በሚቆፈርበት ጊዜ አብሮ መሥራት፣ ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ዳግመኛ ከማፍረስ ይረክሳል።

የመጨረሻው ሐሳባቸው ጉሊት አንሥቶ አስፋልት ማስፋት ነው፤ ሳነበው ይበልጥ ያሳሰበኝም ይኸው ነው። መስፋት ለሹፌር ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ መንገድ ሲሰፋ እግር ሳይታዘዝ ነዳጅ ይረግጣል። ለእግረኛው ደግሞ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ጤነኛ ጎልማሳ በሰከንድ 1.2 ሜትር ያህል ይራመዳል፤ 7 ሜትር አስፋልት በ6 ሰከንድ፣ 14 ሜትር አስፋልት በ12 ሰከንድ ገደማ ይሻገራል። በእነዚያ 12 ሰከንዶች በ50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና ከ160 ሜትር በላይ ይጓዛል። ስለዚህ ሰውየው በሰላም ለመሻገር በሁለቱም በኩል 160 ሜትር መንገድ አጥርቶ ማየት አለበት። ኩርባና ጉም ባለባት ደሴ 160 ሜትር ቀጥ ብሎ የሚታይበትን ቦታ ጸሐፊው ይጠቁሙኝ። አዛውንት ሲሆኑ ደግሞ ጊዜው በግማሽ ያህል ይጨምራል።

ጉሊቱን በተመለከተ የእግረኛ መንገድ ለእግር መለቀቅ እንዳለበት እስማማለሁ። ግን ቲማቲምና ሽንኩርት ዘርግታ የምትውለው ሴት እዚያ የተቀመጠችው ገዢው በእግሩ በዚያ ስለሚያልፍ ነው። ሁለት ሜትር የሚሆን ንጹሕ መተላለፊያ ተለክቶ ከተሠመረ፣ ከመሥመሩ ወዲያ ለእርሷም ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ የሚታጣው ባጃጅና መኪና በየጠርዙ የሚቆሙበት ቦታ ነው። ከቲማቲሙና ከቆመው መኪና አንዱ መነሣት ካለበት ጸሐፊው ያለማመንታት ቲማቲሙን መርጠዋል።

ከጽሑፋቸው ሳልቃወም የምቀበለው አንድ ነገር የመንገድ መብራት ነው፤ በጨለማ ውስጥ ማንም ሹፌር ጥቁር ጋቢ የለበሰን ሰው በጊዜ አያይም። የቀረውን ግን በወረቀት ከምንከራከር በአካል እንየው። አንድ ሰኞ ማለዳ ወደ ሰኞ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር አብረን እንቁምና ወደ አስፋልቱ የሚወርደውን ሰው ሁሉ እንቁጠር፤ እያንዳንዱን ወደ አስፋልቱ ያወረደው ምን እንደሆነም ከጎኑ እንጻፍ፦ አሸዋ፣ ቱቦ፣ ባጃጅ፣ ምሰሶ ወይም ግዴለሽነት። በመጨረሻው ዓምድ ሥር የሚጻፈው ከሌሎቹ ድምር ከበለጠ ይህን ጽሑፍ ትቼ በእርሳቸው ጽሑፍ ግርጌ ስሜን እጽፋለሁ።